ለፋሲል ግቢ፣ ለደብረ ብርሃን ሥላሴና ለጥምቀት፦ 21 ሚሊ ሜትር ወይስ 15?

ቀሃ ዳር

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከጎንደር ነው። ካሜራዬ ላይካ ኤም 6 ሲሆን 35 እና 50 ሚሊ ሜትር ሌንሶች አሉኝ (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሌንሱ ሰፋ አድርጎ ያያል)። የምጠቀመው ባለ 400 አይኤስኦ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፤ አጠባውንም እቤቴ ራሴ እሠራዋለሁ። የአጎቴ ልጅ ለጥምቀት ከጀርመን ስለምትመጣ ያገለገለ ሌንስ እዚያው ገዝታ ልታመጣልኝ ተስማምተናል። አቅሜ የሚፈቅደው ግን አንድ ብቻ ነው፤ ምርጫው ያስጨነቀኝም ለዚህ ነው።

35ቱ ሦስት ቦታ ላይ አይበቃኝም። ፋሲል ግቢ ውስጥ ግንቡን ከነማማዎቹ ለማስገባት ስሞክር ወይ እግሩ ወይ አናቱ ይቆረጣል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ ጣሪያው ላይ ካሉት ባለ ክንፍ መላእክት ከጥቂት ረድፍ በላይ መያዝ አልቻልሁም። ጥምቀት ላይ ደግሞ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ ስለሚቆም ወደ ኋላ መሸሽ የሚባል ነገር የለም።

ያሰብኋቸው የፎይግትላንደር 21 ሚሊ ሜትር ኤፍ 4 (ኤፍ የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ መጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ከለር ስኮፓር እና የዚያው ስም 15 ሚሊ ሜትር ኤፍ 4.5 ሱፐር ዋይድ ሄሊያር ናቸው። 12 ሚሊ ሜትርም እንዳለ አውቃለሁ። የኤም 6 መመልከቻ ከ28 ሚሊ ሜትር የሰፋ የክፈፍ መስመር (የፎቶውን ዳር የሚያሳይ መስመር) የለውም፤ ታዲያ በምን አይቼ ነው የማነሣው? የ15ቱ የመጀመሪያ ምርት ከሬንጅፋይንደሩ፣ ማለትም ርቀት ለክቶ ትኩረት ከሚያሳየው የካሜራው መሣሪያ፣ ጋር እንደማይገናኝም ሰምቻለሁ፤ ይህ ምን ያህል ያስቸግራል? በተለይ ጎንደርን በሰፊ ሌንስ ያነሣችሁ ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል።

አንገረብ

ወንድሜ፣ ካሜራህ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። በኤስኤልአር ካሜራ ውስጥ በሌንሱና በፊልሙ መካከል የሚነሣና የሚወርድ መስተዋት አለ። መስተዋቱ ቦታ ስለሚፈልግ የሌንሱ መግጠሚያ ከፊልሙ መራቅ ግድ ይሆንበታል፤ በኒኮን ኤፍ ርቀቱ 46.5 ሚሊ ሜትር ነው። 15 ወይም 21 ሚሊ ሜትር የሆነ ሌንስ እንዲህ ርቆ ቆሞ ምስሉን ፊልሙ ላይ እንዲያሳርፍ ነዳፊው ከፊት በኩል ትልልቅ ብርጭቆዎችን መደርደር አለበት። ሌንሱ ይገዝፋል፤ ቀጥ ያለ መስመርም ወደ ጠርዙ ሲጠጋ በቀላሉ ይጎብጣል። በላይካ ኤም ርቀቱ 27.8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የሌንሱ ጀርባም ወደ ካሜራው ሆድ ዘልቆ መግባት ይችላል። 21ዱ ከለር ስኮፓር ክብደቱ ከ150 ግራም በታች የሆነው፣ የግንብ ድንጋይ ረድፍም ጠርዝ ላይ ሳይጣመም የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ጥቅም ያለ ዋጋ አልመጣም። ብርሃን ወደ ፊልሙ ጥግ በሰያፍ ሲደርስ ይደክማል፤ ድካሙም በማዕዘኑ ኮሳይን አራተኛ ኃይል ይሰላል። በዚህ ስሌት 21 ሚሊ ሜትር ጥጉ ላይ ወደ 2 ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በግማሽ መቀነሱ ነው)፣ 15 ሚሊ ሜትር ደግሞ ከ3 ስቶፕ በላይ ያጣል። ነዳፊዎች ጉዳቱን የሚቀንሱበት ዘዴ አላቸው፤ ጨርሰው ግን አያጠፉትም። ጥቁርና ነጭ ለሚሠራ ሰው ይህ እንደ በሽታ መታየት የለበትም። ስታትም ጥጎቹን ከብርሃን ጋረድ ብታደርጋቸው ይስተካከላል፤ ብትተወውም ዓይንን ወደ መሃል ይመልሳል።

ከሬንጅፋይንደሩ ጋር አለመገናኘቱ አያስፈራህ። 15ቱን ኤፍ 8 ላይ አድርገህ ርቀቱን 1 ሜትር ላይ ብታቆመው ከግማሽ ሜትር ጀምሮ እስከ አድማስ ያለው ሁሉ ይጠራል። 21ዱም በዚሁ ኤፍ 8 ሆኖ 2 ሜትር ላይ ቢቆም ከ1 ሜትር ገደማ ወዲያ ያለውን ይይዝልሃል። የ1999ኙ የመጀመሪያ ሄሊያር በጥርስ የሚታሰር (እንደ ብሎን የሚጠመዘዝ)፣ የማይገናኝ ነው። በ2009 የወጣው ሁለተኛው የኤም መግጠሚያና ግንኙነት አለው፤ ሦስተኛው በ2015 ወጣ። የማይገናኘውን ብትገዛና ጨለም ያለ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኤፍ 4.5 ላይ ብትከፍተው እንኳ፣ ርቀቱን 1.7 ሜትር ላይ ካቆምኸው ከ85 ሴንቲ ሜትር ወዲያ ያለው ይያዛል።

መመልከቻውን በተመለከተ፣ ካሜራው አናት ላይ ባለው የፍላሽ መግጠሚያ የሚሰካ ለብቻው የሚሸጥ መመልከቻ አለ። ትኩረቱን በካሜራው መስኮት ታስተካክላለህ፤ ክፈፉን በላይኛው ታያለህ።

ፒያሳ ቁልቁል

እኔ ሁለቱንም አልመርጥም። 28 ሚሊ ሜትር ይግዛ እላለሁ። መስመሩ ካሜራው ውስጥ አለ፤ ሌላ መመልከቻ፣ ሌላ ወጪ፣ ሌላ የሚጠፋ ዕቃ የለም። ጥምቀት ላይ ዓይኑን ከአንድ መስኮት ወደ ሌላ ሲያመላልስ ግማሹ ያመልጠዋል። ከ35 ወደ 21 የሚዘል ሰው መካከሉን ሳያውቀው ያልፋል።

የግንብ ጥላ

የእኔ ሥራ አሮጌ ሕንፃዎችን መለካትና መሳል ነው፤ ስለዚህ ስለ ግንቡ በቁጥር ልናገር።

የአፄ ፋሲል ግንብ ቁመቱ ወደ 32 ሜትር ይደርሳል። ካሜራውን ወደ ላይ ስታቀናው ግንቡ ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል፤ ማማዎቹም ወደ አናታቸው እየተጠጋጉ ይሄዳሉ። እኔ በበኩሌ ይህን አልወደውም። ያን ሕንፃ የሠሩት ሰዎች ማማውን ቀጥ አድርገው ነው ያቆሙት፤ በፎቶግራፍም ቀጥ ብሎ መታየት ይገባዋል። እንግዲህ ካሜራው ሳያዘነብል በቁመቱ ተይዞ የማማው ጫፍ እንዲገባ በ35 ሚሊ ሜትር 59 ሜትር ያህል መራቅ ያስፈልጋል። በ28 ወደ 47 ሜትር፣ በ21 ወደ 36 ሜትር፣ በ15 ደግሞ ወደ 25 ሜትር ይበቃል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የፊልሙን ቁመት ግማሽ፣ ማለትም 18 ሚሊ ሜትርን፣ ለሌንሱ የሚሊ ሜትር ቁጥር አካፍላችሁ በርቀቱ ማባዛት ነው። ከዓይን በላይ ያለውን ቁመት ይሰጣችኋል።

ግቢው ውስጥ 36 ሜትር የሚገኝበት አቅጣጫ አለ። 59 ሜትር ስትርቅ ግን ዛፍ ወይም አጥር ወይም የሌላ ንጉሥ ግንብ መካከል ይገባል። ስለዚህ ወንድም ፒያሳ ቁልቁል፣ ለግንቡ 28 ከ35 ብዙም አይሻልም። 15ቱ በተራው ሌላ ችግር ያመጣል። ካሜራው ደልደል ብሎ ሲያዝ የፎቶው የታችኛው ግማሽ መሬት ነው። ሣሩ ላይ ጥላ፣ ደረጃ፣ የተቀመጠ ሰው ከሌለ ግማሹ ፊልም ባዶ ይሆናል። በ21ም ይህ ችግር አለ፤ ሆኖም ርቀቱ ስለሚጨምር ከፊት የሚገባ ነገር ማግኘት ይቀላል።

አሁን ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ልግባ፤ ስለ ሰፊ ሌንስ ከሚባለው ብዙው እዚያ አይሠራም። ሰፊ ሌንስ ጠርዝ ላይ ያለን ፊት ይለጥጣል ሲባል ትሰማላችሁ። እውነት ነው፤ የሚለጠጠው ግን ድቡልቡል ነገር፣ ማለትም የሰው ራስ ነው። ጠፍጣፋ ገጽ ላይ የተሣለ ፊት ከፊልሙ ጋር ትይዩ ሆኖ ከተነሣ አይለጠጥም። ቀጥ ያለ መስመርን ቀጥ አድርጎ የሚያወጣ ሌንስ አንድን ጠፍጣፋ ገጽ ወደ ሌላ ትይዩ ጠፍጣፋ ገጽ ሲያስተላልፍ የሚያደርገው ማሳነስ ብቻ ነው። የጣሪያው መላእክት የተሣሉት ጠፍጣፋ ላይ ነው። ካሜራው ልክ ወደ ላይ ቀንቶ ከጣሪያው ጋር ትይዩ ከሆነ፣ በ15 ሚሊ ሜትርም ቢሆን ጠርዝ ላይ ያለው መልአክ መሃል ላይ ካለው ጋር አንድ ዓይነት ፊት ይኖረዋል። እነዚያ ትልልቅ ዓይኖች ሳይዛቡ፣ ረድፉ ሳይጣመም ይወጣል። ካሜራው ጥቂት ካዘነበለ ግን ረድፉ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይሰበሰባል።

ጥምቀት የዚህ ተቃራኒ ነው። ከፊትህ ያለው ሁሉ ድቡልቡል ራስ ነው። ፎቶው በአግድም ተነሥቶ ጠርዙ ላይ የሚውል ፊት በ28 ሚሊ ሜትር ከቁመቱ ይልቅ በወርዱ 19 በመቶ ያህል ይሰፋል። በ21 ልዩነቱ 32 በመቶ፣ በ15 ደግሞ 56 በመቶ ይደርሳል። 32 በመቶን ዓይን ይታገሣል፤ በተለይ ጠርዝ ላይ ድባብ ወይም የነጠላ ጫፍ ከዋለ ማንም አያስተውለውም። 56 በመቶ ግን ሰውየውን ይለውጠዋል። ለበዓል ለብሳ፣ አጊጣ የወጣችን እናት እንዲህ አድርጎ ማሳየት ለእኔ ትክክል አይደለም።

ቀሃ ዳር

የግንብ ጥላ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ጣሪያው የተናገርሽውን ከዚህ በፊት ከማንም አልሰማሁትም። በሬንጅፋይንደር በኩል እያዩ ካሜራውን ልክ ወደ ላይ ማቅናትስ እንዴት ይቻላል? አንገት እስኪሰበር ማንጋጠጥ ነው?

የግንብ ጥላ

በመመልከቻው ማየት አያስፈልግህም። አገልጋዮቹን አስፈቅደህ ካሜራውን በጀርባው ወለሉ ላይ፣ በተጣጠፈ ነጠላ አስተኛው፤ ሌንሱ ቀጥታ ወደ ጣሪያው ያያል። ደልዳላነቱን በትንሽ የውኃ ልክ አረጋግጥ። ኤም 6 ሰዓት ቆጥሮ ራሱ የሚያነሣበት መሣሪያ ስለሌለው የሹተር ገመድ ግዛ፤ የሹተሩ ቁልፍ ላይ የሚታሰርበት ጥርስ አለ። ወለሉ ካሜራውን ስለሚይዘው አንድ ሰከንድም ሁለት ሰከንድም ከፍተህ መቆየት ትችላለህ፤ ኤፍ 8 ላይ መሥራትም ትችላለህ ማለት ነው። ፍላሽ አታስብ፤ ለቀለሙም ለጸሎቱም አይሆንም። ለዚህ ሥራ ሰው የማይበዛበትን ሰዓት ምረጥ።

አዘዞ በር

እኔ የ15ቱ ወገን ነኝ። የመጀመሪያውን ባለ ጥርስ ሄሊያር ለዓመታት ተጠቅሜበታለሁ፤ እስከ ዛሬ ከእጄ አላወጣሁትም። 21 ሚሊ ሜትር ጥሩ ሌንስ ነው። ግን 91 ዲግሪ ማየት የለመደ ዓይን ውሎ አድሮ ይረካበታል፤ 110 ዲግሪ ሌላ ዓለም ነው። የእቴጌ ምንትዋብን ቁስቋም ከፍርስራሹ ውስጥ ቆማችሁ አንሡ፤ ግድግዳው በሁለቱም ወገን እስከ ትከሻችሁ ድረስ ይመጣል። በ21 ግድግዳውን ታያላችሁ፤ በ15 ውስጡ ናችሁ። የታላቁ ኢያሱ ግንብ ጣሪያ ስለሌለው ውስጡ ገብታችሁ ሰማዩንና አራቱንም ግድግዳ አንድ ላይ የምትይዙት በዚህ ብቻ ነው።

ከሬንጅፋይንደር ጋር አለመገናኘቱን እኔ እወደዋለሁ። ኤፍ 8 አድርጎ፣ 1 ሜትር ላይ አቁሞ፣ ትኩረት የሚባለውን መርሳት ነው። ቅዳሜ ገበያ ውስጥ በእህል ሻጮችና በቅመም ረድፎች መካከል ስሄድ እጄ ሌንሱን አይነካም። ዓይኔ ሰዎቹ ላይ ነው።

እህታችን ስለ ፊት መለጠጥ የጻፈችው ስሌት ትክክል ነው። መልሱ ግን ሰውን መሃል ላይ ማድረግና ጠርዙን ለግድግዳ፣ ለመሬት፣ ለሰማይ መተው ነው። ሌንሱን ያወቀ ሰው ፊት ጥግ ላይ አይጥልም።

የግንብ ጥላ

ባዶ ግቢ ውስጥ እስማማለሁ። ጥምቀት ላይ ግን ጠርዙን ለሰማይ የምተውበት ምርጫ የለኝም፤ በሁሉም ወገን ሰው ነው። የጠያቂው ሦስተኛ ፍላጎት ደግሞ እሱ ነው።

የድሮ ዞርኪ

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን በደስታ ተከታተልሁ። እኔ ከወጣትነቴ ጀምሮ የሠራሁት በሶቪየት ካሜራ፣ በዞርኪ 4 ነው። ሰፊ ሌንስ በዚያ ዘመን ለእኛ ማለት ሩሳር ኤምአር 2 ነበር፤ 20 ሚሊ ሜትር ኤፍ 5.6። የነደፈው ሚካኢል ሩሲኖቭ የተባለ የሌኒንግራድ የኦፕቲክስ ሊቅ ሲሆን ምርቱ በ1958 ተጀመረ። በሁለቱም ወገን ተመጣጣኝ የሆነ አሠራር ስላለው መስመር አያጣምምም፤ የጥግ መጥቆርንም በዘመኑ ከነበሩት አሻሽሎ ነው የሠራው። በ2014 እንደገና ተመርቶ ለሽያጭ ቀርቧል። በጥርስ የሚታሰር ስለሆነ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባላት መለወጫ ቀለበት ኤም 6 ላይ ይገጠማል። የአጎትህ ልጅ ሩሳር በጥሩ ዋጋ ካገኘች አትለፈው እላለሁ። የዲያፍራም (የብርሃን ቀዳዳው) ቀለበት ከፊት በኩል፣ ከብርጭቆው አጠገብ ስለሆነ ብቻ ጣት እንዳያርፍበት መጠንቀቅ ነው።

ሌላ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ገበያ ላይ የላይካ ሱፐር አንጉሎን 21 ሚሊ ሜትር፣ የ1958ቱ ኤፍ 4 ወይም የ1963ቱ ኤፍ 3.4፣ ብታገኝ መልካም ሌንስ ነው። ሆኖም የጀርባው ብርጭቆ ወደ ካሜራው ሆድ በጣም ስለሚገባ የኤም 6ን ብርሃን መለኪያ ይጋርደዋል። በእጅ መለኪያ መሥራት የለመደ ሰው አይቸገርም፤ አንተ ግን በካሜራው መለኪያ የምትተማመን ከሆነ ይህን አስቀድመህ እወቅ። 15 ሚሊ ሜትር ሆሎጎንም እንዲሁ ነው፤ ዲያፍራሙም ኤፍ 8 ላይ የተቆለፈ ነው።

ዋናው ነገሬ ግን ስለ ሌንስ አይደለም። እናንተ የምትናገሩት ስለ ግንብና ስለ ጣሪያ ነው፤ ጥምቀት ታቦት የሚወጣበት በዓል ነው። ሰፊ ሌንስ ቀርበህ ካልሠራህበት ምንም አያሳይም። በ21 ሚሊ ሜትር አንድ ካህን ክፈፉን እንዲሞላ ከአንድ ሜትር ብዙም ሳትርቅ መቆም አለብህ፤ በ15 ደግሞ ጃኖው እስኪነካህ። መዝሙረኞቹ፣ መቋሚያና ጸናጽል የያዙት፣ ከበሮ የሚመቱት፣ በሆታ የሚጨፍረው ወጣት ቅርብህ ቢሆን ደስ ይለዋል፤ ፈገግ ይልልሃል። ታቦቱን በተሸከመው ካህን ፊት ግን ካሜራ ይዞ ወደ ኋላ እየተራመዱ መሄድ ድፍረት ነው። ሕዝቡ ሲሰግድ አንተ ቆመህ መንገድ ልትዘጋ አይገባህም። በየዓመቱ ከሩቅ የመጡ ፎቶ አንሺዎች ይህን ሲያደርጉ አያለሁ፤ ሳያውቁ ነው እላለሁ። የእኛ ልጅ ግን ያውቃል። ለዚያ ሰዓት 50ህን ግጠምና ከዳር ቁም።

ቀሃ ዳር

ጋሼ፣ ምክርዎን በሙሉ ልቤ ተቀብያለሁ። በከተራ ዕለት ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ከዳር እሆናለሁ፤ ሰፊውን ለምእመናኑና ለዝማሬው አቆየዋለሁ።

ደባርቅ መንገድ

ፊልም ለሚጠቀመው ወንድማችን የማይመለከተው ቢሆንም፣ ይህን የሚያነቡ የዲጂታል ተጠቃሚዎች ስላሉ ልጨምር። እኔ ላይካ ኤም 9 አለኝ። ሁለተኛውን 15 ሄሊያር ስገጥምበት የምስሉ ሁለት ጎኖች ወደ ሐምራዊ ይለወጣሉ። ሰያፍ ሆኖ የሚመጣው ብርሃን በሴንሰሩ የብርሃን ነጥቦችና በላያቸው ባለው ብርጭቆ ላይ ስለሚሳሳት ነው። ፊልም የብርሃኑ አመጣጥ ግድ አይሰጠውም፤ ሴንሰር ግን ቀጥ ብሎ እንዲመጣለት ይፈልጋል። የዛይስ 21 ሚሊ ሜትር ኤፍ 4.5 ሲ ባዮጎን በፊልም ላይ እጅግ ድንቅ ሆኖ ሳለ በዲጂታል ላይ በዚሁ ምክንያት ያስቸግራል። የ2015ቱ ሦስተኛው ሄሊያር ይህን ለማቃለል እንደ አዲስ የተነደፈ ነው፤ በምላሹ ክብደቱም መጠኑም ከመጀመሪያው ብዙ ጨምሯል። ወደ ሐምራዊ የሄደውን ምስል ወደ ጥቁርና ነጭ ብትለውጡት ችግሩ ይቀላል።

ሰሜን ተራሮችን የምታስቡ ካላችሁ፣ ሰፊ ሌንስ ብቻ ይዛችሁ አትውጡ። ገደሉ አፍ ላይ ቆሞ በ15 ያነሣ ሰው ያን ሁሉ ግርማ በፎቶው ላይ ቀጭን መስመር ሆኖ ያገኘዋል። ራስ ዳሽን ኮረብታ ይመስላል። ጅብራ አጠገብ ተንበርክካችሁ ቅጠሉን ከፊት ካላመጣችሁ ሌንሱ ሩቁን ብቻ ያሳንሳል። ጭላዳዎቹ ሣር እየነጩ ሳሉ ግን ሳትረብሹ ቀስ ብላችሁ ብትቀመጡ በ21 የሚያምር ነገር ይገኛል፤ መንጋውም ገደሉም አንድ ላይ ይገባሉ።

አንገረብ

ሁለት ነገር ልጨምር፤ ሁለቱም 21 ብትገዛም 15 ብትገዛም የሚነኩህ ናቸው።

አንደኛው ብርሃን መለካት ነው። በጥር የጎንደር ሰማይ ጥርት ያለ ነው፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ፀሐዩ ይበረታል። ሕዝቡ ነጭ ለብሷል። ሰፊ ሌንስ ደግሞ ሰማዩን ሳትጠራው ያስገባዋል። መለኪያህ ያን ሁሉ ብሩህ ነገር አይቶ ሹተሩን አፍጥን ሲልህ ፊቶች ይጠቁራሉ። የኤም 6 መለኪያ የሚያየው ከሹተሩ መጋረጃ ላይ የተቀባውን ነጭ ክብ ነው፤ በ50 ጠባብ የሚመስለው የመለኪያ ስፍራ በ21 ግን ሰፊ ቦታ ይሸፍናል። ስለዚህ ካሜራውን ወደ መሬት አዘንብለህ ወይም በተመሳሳይ ብርሃን ላይ ያለ የእጅህን መዳፍ ሞልተህ ለካ። በመዳፍ የለካኸውን አንድ ስቶፕ ክፈተው፤ ከዚያ ብርሃኑ እስኪለወጥ ድረስ አትንካው።

ሁለተኛው ጣትህ ነው። 15 ሚሊ ሜትር ላይ ሌንሱ አጭር ስለሆነ ካሜራውን ከስር የደገፈው እጅ ጣት ጥግ ላይ ይገባል፤ የማንጠልጠያውም ገመድ እንዲሁ። በጠዋት ፀሐይ ከኋላህ ስትሆን የራስህ ጥላ መሬቱ ላይ ረዝሞ ይገባል። ሬንጅፋይንደር የሚያሳይህ ሌንሱ የሚያየውን ስላልሆነ ፊልሙ እስኪታጠብ ድረስ አታውቀውም።

ፒያሳ ቁልቁል

የግንቡ ስሌት አሳምኖኛል፤ ስለ 28 የጻፍሁትን ለገበያና ለመንገድ ብቻ ውሰደው። ለላይኛው መመልከቻ ያለኝ ሥጋት ግን እንዳለ ነው። ጥምቀት ላይ በግፊያ መካከል ከመግጠሚያው ተንሸራትቶ ይወድቃል፤ እዚያ ከወደቀ ደግሞ ማንም አያገኘውም። ከእግሩ በታች ትንሽ ጥቁር ፕላስተር አድርገህ አጥብቀው፤ ቀዳዳ ካለው በክር ከማንጠልጠያው ጋር እሰረው። ብረቱ ከፕላስቲኩ ይሻላል፤ ጠርዙም ላይ ጥርት ብሎ ያሳያል።

ቀሃ ዳር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። 21 ሚሊ ሜትሩን ከለር ስኮፓር መርጫለሁ።

ምክንያቴን ልግለጽ። ግንቡን በ36 ሜትር ርቀት ቀጥ አድርጌ ማግኘቴ ይበቃኛል። ጣሪያውን በ15 ያህል ሰፊ ባላገኘውም የግንብ ጥላ ባለችው መንገድ ወለሉ ላይ አስተኝቼ በክፍል በክፍል ማንሣት እችላለሁ፤ ሁሉም ትይዩ ከሆነ ፎቶዎቹ ጎን ለጎን ይገጥማሉ። ሕዝቡ ግን በክፍል አይነሣም። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ላሟላ ብባል የምመርጠው ጥምቀትን ስለሆነ ፊት ብዙም የማያዛባው ያሸንፋል። አዘዞ በር፣ ስለ ኢያሱ ግንብ ውስጥ የጻፍኸው ልቤን ወስዶታል፤ አንድ ቀን 15ህን ይዘህ ብትመጣ አብረን ገብተን ብናየው ደስታዬ ነው።

የአጎቴ ልጅ ስለ ካሜራ የምታውቀው የለም። ያገለገለ ሌንስ ስትገዛ ምኑን እንድታይ ልንገራት?

አዘዞ በር

እመጣለሁ። ሄሊያሩን ኤም 6ህ ላይ ገጥመህ አንድ ፊልም ጨርስበት፤ መለወጫ ቀለበቷ እኔ ጋ አለች።

የድሮ ዞርኪ

ልጄ፣ ለእህትህ እንዲህ ብለህ ጻፍላት። የሌንሱን ሁለት ክዳን አውልቃ ዲያፍራሙን እስከ መጨረሻው ትክፈተው፤ ከዚያ ከኋላ በኩል ወደ መስኮት ብርሃን አድርጋ ትየው። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ አትግዛው። እንደ ጭጋግ የሆነ ነገር ካለም ትተወው፤ በፀሐይ ፊት ምስሉን ያነጣዋል። ጥቂት አቧራ ግን ምንም አይደለም። የዲያፍራም ቀለበቱ በየማረፊያው ቀጭ ማለት አለበት፤ የትኩረት መያዣው ሳይንገጫገጭ፣ ሳይጠብቅም መሄድ አለበት። የፊልተሩ ጥርስ 39 ሚሊ ሜትር ነው፤ የተደፋ ወይም የተጨረመተ ከሆነ ሌንሱ ወድቆ ነበር ማለት ነው።

ባለ ጥርሱ 21 ከሆነ ያገኘችው፣ ወደ ኤም የሚለውጠውን ቀለበት አብራ ትግዛ፤ የ28ን መስመር የሚያመጣውን ብላ ትጠይቅ። የ21ዱን መመልከቻ ከሌንሱ ለይተው የሚሸጡ ስላሉ መኖሩን ሳታረጋግጥ አትክፈል። ከቻለች አንድ ቢጫ ፊልተር ትጨምርልህ፤ የጥርን ሰማይ ጠቆር አድርጎ ነጩን ልብስ ያወጣዋል። ፖላራይዘር ግን አያስፈልግህም፤ በዚህ ስፋት ሰማዩን በአንድ ወገን ብቻ ያጠቁረዋል። ሌንሱንም መመልከቻውንም በእጅ ሻንጣዋ ትያዘው።